ይህ ቦታ እስከ ዛሬ ለምን ባዶ ሆኖ ቆየ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ቦታ

ሰላም ነው? የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁን ደርድሬ ሳነባቸው ሁሉንም አንድ ሰው የጻፋቸው መሰለኝ። «ባዶ ቦታ አግኝቼ ነበር፣ ልግዛው ወይ?» ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ አንዷ ደግሞ ከጅዳ። ዋጋውን ጽፋችኋል። ካሬውን ጽፋችኋል። ደላላው የማለላችሁን ሁሉ ጽፋችኋል። አንድ ነገር ግን ማንም አልጻፈልኝም።

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል ተጣብቃ ያደገች ከተማ ናት። ለጥ ያለ መሬት እዚህ ብርቅ ነው። ሰዉ ገደል አፋፍ ላይ ሳይቀር ግንብ አቁሞ ቤት ሠርቷል። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ሰው ፒያሳ ቁጭ ብሎ «ከዚህ በባጃጅ አስር ደቂቃ፣ 250 ካሬ፣ ባዶ፣ ርካሽ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን አይደለም። እስከ ዛሬ ለምን ባዶ ሆኖ ቆየ? ይህን ሁሉ ዓመት ቦታ ፈላጊው እያየው አልፎታል ማለት ነው፣ ታዲያ እነዚያ ሰዎች ያዩት እኔ ያላየሁት ነገር ምንድን ነው? መልሱ አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ ነው፣ አንዳንዴ አፈሩ ላይ። አንዳንዴም ምንም ክፉ ነገር የለውም፤ ወራሾች ተኳርፈው ነበር፣ ታረቁ፣ አለቀ። መልሱን ሳያገኙ ቀብድ መክፈል ግን የለም።

ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው ያለሁት፣ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከደሴ ዳር፣ ገራዶ በኩል፣ ከገበሬ 300 ካሬ ቦታ አግኝቶልኛል። ውሉ በሦስት ሽማግሌ ምስክርነት ይጻፋል፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚገዛው ይላል። ከተማው ወደዚያ እየሰፋ ስለሆነ በሁለት በሦስት ዓመት ካርታ ይወጣለታል ብለውታል። ብሩን ልላክ?

መልስ፦ አትላኪ እህቴ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም። በአገራችን መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ በሦስት ሽማግሌ ፊት የተጻፈው ወረቀት፣ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ አያቆምሽም። ገበሬው ራሱ ቃሉን ቢጠብቅ እንኳ ነገ ልጆቹ «መሬታችንን አላግባብ ሰጠብን» ብለው ይመጣሉ። ያኔ አንቺ ጅዳ ነሽ፣ ሽማግሌዎቹ አርጅተዋል፣ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ነው።

«ከተማው ይደርስበታል» ያሉሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚታለለው ግን እዚሁ እውነት ላይ ነው። ከተማው ሲደርስ መሬቱ ለልማት ይወሰዳል። ካሳው ለማን ይከፈላል? በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ገበሬ። አንቺ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለሽም። ቆርቆሮ መትተሽ ልጠብቅ ካልሽ ደግሞ ስሙ የጨረቃ ቤት ነው፣ ዶዘር የሚመጣበትን ቀን ማንም አይነግርሽም። አዎ፣ ሕጋዊ ተደርጎለት ካርታ ያገኘ ሰው አለ። ወንድምሽም የሚያወራልሽ የነዚያን ነው። የፈረሰበት ሰው ታሪኩን ቡና ላይ አያወራም።

ወንድምሽ ክፉ አስቦ ነው አላልኩም። ሰፈሩ ሲገዛ አየ፣ እህቴ እንዳያመልጣት ብሎ ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር ጠይቂው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የማን ስም ነው? ዝም ካለ መልሱን አገኘሽ።

ገንዘብሽን ለቦታ ማዋል ከፈለግሽ ካርታ ያለው ቤት ፈልጊ፣ አሮጌም ቢሆን። ወይ የሊዝ ጨረታ፣ ማለትም ከተማው ቦታን ለረጅም ዘመን በክፍያ የሚሰጥበትን ጨረታ፣ ተከታተይ። ለዚህ ውክልና ያስፈልግሻል። እዚያው ጅዳ ቆንስላው ይሰጥሻል፣ አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ጸሐፊው የተዘጋጀ ፎርም አውጥቶ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» እያለ ሲያነብልሽ አስቁሚው። የአንቺ ውክልና «እንዲገዛልኝና በስሜ እንዲያስመዘግብልኝ» ይበል፣ ይበቃል። ይህን ማለት ወንድምን መጠርጠር አይደለም። ብሩንም በባንክ ላኪ እንጂ በሰው እጅ አትላኪ፣ ነገ ማስረጃሽ እሱ ነው። አብሽሪ፣ ስምንት ዓመት የሠራሽበት ገንዘብ ሌላ ስድስት ወር ቢቆይ አይሻግትም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አስተማሪዎች ነን። ከጦሳ ግርጌ ቁልቁለት ላይ 200 ካሬ ቦታ ቀርቦልናል። ውስጡ የዘመመች የጭቃ ቤት አለች። ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ነው፣ ካርታ አለው። ዋጋው ሌላ ሰፈር ካየነው ግማሽ ነው። ጂ ፕላስ 1 ለመሥራት እናስባለን። ምን ምን እንይ?

መልስ፦ ግማሽ ዋጋ! እንግዲህ ሌላው ግማሽ የት እንደሄደ እንፈልግ።

ወረቀቱ ቀላሉ ነው፣ ቶሎ እንለፈው። የካርታውን ኮፒ አይታችሁ አትመኑ። ዋናውን ይዛችሁ፣ ሻጩንም ይዛችሁ ማዘጋጃ ሂዱና ማህደሩ መኖሩን፣ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ አስጠይቁ። «ማህደሩ በ2014ቱ ጦርነት ጠፋ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህንኑ ቢሮው በደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ካልጻፈ ተዉት። ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያሉት ሁሉ ይፈርሙ፣ አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህት ጭምር። ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይዞራል ይላል። ማለትም ለሻጩ ከከፈላችሁት ሌላ ለከተማው የምትከፍሉት አለ። ስንት እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ መሬቱ።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ። ሻጩ ገመድ ዘርግቶ «ይኸው 20፣ ይኸው 10፣ 200 ካሬ» ይላችኋል። የዘረጋው ግን በቁልቁለቱ ላይ ነው። ካርታ መሬትን የሚለካው ጠፍጣፋ አድርጎ ነው። ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ቦታው 8 ሜትር ከወረደ፣ በቁልቁለቱ የተለካው 20 ሜትር በአግድም 18.3 ሜትር ብቻ ነው። 183 ካሬ ሆነ። ካርታው 183 ሲል ሻጩ «ማዘጋጃ ሲለካ ተሳስቶ ነው» ይላል። አልተሳሳተም። ቤታችሁም የሚቆመው በ183ቱ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ለማወቅ ግንበኞች የሚይዙትን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ ከላይ፣ ሌላውን ከታች ያዙ፣ ውሃው ልኩን ይነግራችኋል። አንድ ጊዜ ካልደረሰ ደረጃ በደረጃ ውረዱ። ቀያሽ ከቀጠራችሁ ደግሞ ካርታው ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት መሬት ላይ ያስቀምጥላችኋል፣ አጥሩ ጎረቤት ውስጥ ገብቶ እንደሆነም ያን ቀን ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ በክረምት ሂዱ። ይህን የምለው ከራሴ ኪሳራ ተነስቼ ነው። የመጀመሪያ ቦታዬን ያየሁት ጥር ላይ ነበር። ፀሐይ ነው፣ መሬቱ ድርቅ ብሏል፣ ከላይ ሆኖ ከተማዋ ፍንትው ብላ ትታያለች፣ ባለቤቴ በረንዳው የት እንደሚሆን በእግሯ እያሠመረች ነው። ገዛን። ከታች በኩል ሦስት ሜትር የድንጋይ ድጋፍ ግንብ አሠራን፣ ከኋላው አፈር ሞላን። ነሐሴ ገባ። አንድ ጠዋት ስደርስ ግንቡ ሆዱን ነፍቷል። እርጉዝ ይመስል ነበር። አፈሩ ጠጥቶ ጠጥቶ ውሃው መውጫ አጥቷል፣ ግንበኛው አንድም ቱቦ አላስቀመጠም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ቀን ወደ ጎረቤት ጓሮ ተዘረገፈ። እግዜር ይመስገን ሰው አልነበረም። የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ነጠላቸውን እያጣፉ «እኛ እኮ እዚያ ከብት እንኳ አናስርም ነበር፣ መሬቱ ይሄዳል» አሉኝ። «ታዲያ እማማ ምነው ሳይነግሩኝ?» ብላቸው «መቼ ጠየቅከኝ?»

መሬቱ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ አነጋገር አልሰማሁም። ደሴ የተቀመጠችበት ጎድጓዳ ከተራሮቹ ተሸርሽሮ በወረደ ልቅ አፈርና ድንጋይ የተሞላ ነው። ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ይህን ጂኦሎጂስቶች ሲያጠኑት የኖሩት ነገር ነው፣ ግን እናንተም በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ባሕር ዛፎቹን እዩ። ግንዳቸው ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ ከተቃና አፈሩ ቀስ እያለ ሲወርድ ዛፉ ለመቃናት ሲታገል ኖሯል ማለት ነው። የአጥር እንጨቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብለው እንደሆነ እዩ። ከቦታው በላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ ካለ፣ ሻጩን አመስግናችሁ ተመለሱ። በበጋ የሚያረጥብ፣ ቀጤማ የሚያበቅል ጥግ ካለ ሥሩ ምንጭ አለ። የጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለም ጠይቁ፤ በስሚንቶ ተሞልቶ እንደገና ከተሰነጠቀ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ያቺ የዘመመች ጭቃ ቤት ለምን እንደዘመመች ጠይቃችኋል? እርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ አስቆፍሩ። በባለቤቱ ፈቃድ፣ ሁለት የቀን ሠራተኛ ይዛችሁ፣ በሁለት ጥግ እስከ 2 ሜትር። የሚወጣውን እዩ። የተሰበረ ሸክላ፣ ፌስታል፣ ጨርቅ ከወጣ ቦታው የተደለደለ ነው፣ ታች ሌላ መሬት አለ። ጥቁር ዋልካ ከሆነ ደግሞ እርጥቡን በእጃችሁ አሹት፣ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ እንደ ገመድ ከተሳበ ክረምት ያብጣል በጋ ይኮማተራል። ዋልካ ላይ ቤት አይሠራም አይባልም፤ ተቆርጦ ወጥቶ ገረጋንቲ በሚባል ጠጠራማ አፈር ይሞላል፣ ያ ግን ገንዘብ ነው። ጉድጓዱን አሳድራችሁ ጠዋት እዩት፣ ውሃ ካቆረ እሱንም ጻፉ። ጂ ፕላስ 1 ካሰባችሁ ደግሞ የኔ ዓይንና የናንተ እጅ አይበቃም፣ የአፈር ምርመራ አስደርጉ። የዚህ አካባቢ መሬት የሚንቀጠቀጥ መሬት መሆኑን አትርሱ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ካራቆሬ ላይ በተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፣ ካራቆሬ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው፣ ሩቅ አይደለም። በብረት ላይ የምትቆጥቡት ነገር አይኑር።

አራተኛ፣ ሲኖትራክ ይደርሳል? ካልደረሰ አይሱዙ ይደርሳል? ካልደረሰ አሸዋውን፣ ድንጋዩን፣ ስሚንቶውን በአህያና በሰው ጀርባ ነው የምታወጡት፣ ዋጋውንም በየጉዞው ነው የምትከፍሉት።

እንግዲህ ሂሳቡን አድርጉ። የድጋፍ ግንቡን፣ መሠረቱን፣ ገረጋንቲውን፣ ሸክሙን ደምራችሁ በቦታው ዋጋ ላይ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ «ግማሽ ዋጋ» ከሌላው ሰፈር ጋር እኩል ከሆነ የሌላውን ሰፈር ግዙ። አሁንም ርካሽ ከሆነና ባሕር ዛፎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ እኔ ብሆን እገዛዋለሁ። ታችኛዋን ጎረቤት ካነጋገርኩ በኋላ። የሰፈሩን ቅሬ (ዕድር) ዳኛም አነጋግሩ፤ ቅሬ ውስጥ የማይታወቅ የመሬት ጠብ የለም።

ጥያቄ፦ እዚህ ኮምቦልቻ በሊዝ ጨረታ 200 ካሬ ያሸነፈ ልጅ አለ። ምንም አልጀመረበትም። «ትርፍ ጨምረህ ስጠኝ፣ ሙሉ ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስሙን ቤቱን ስትጨርስ እናዞረዋለን» ይላል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉኝ።

መልስ፦ «ሰው ሁሉ» የሚባለው ሰውዬ በየደብዳቤው ይመጣል፣ አንድ ቀን አግኝቼው ባወራሁት።

የሊዝ ቦታ ባዶውን አይሸጥም ማለት አይደለም። ግን ግንባታ ሳይጀመር፣ ወይም ግማሽ ሳይደርስ፣ ማስተላለፍ የሚቻለው በሚመለከተው አካል ቁጥጥር በግልጽ ሽያጭ ነው። ሻጩ የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከባንክ የተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራው ካለ የእሱን ዋጋ፣ እና ከተላለፈበት የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው። ቀሪው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ልጁ በውክልና የሚመጣው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ? ትርፉ በሕጋዊው በር አይወጣለትም። ለፎቅ ቤት «ግማሽ» የሚባለው በግርድፉ መሠረቱና ቢያንስ የወለሎቹ ግማሽ ሲቆም ነው፣ ስለዚህ ሁለት ብሎኬት ደርድሮ «ጀምሬያለሁ» ማለት አይሆንም።

አንተ ደግሞ በእጅህ የምትይዘው ውክልና ነው። ውክልና ይሻራል። ሰጪው ቢሞት ያበቃል፣ እግዜር አያድርገው። ቤቱን በገንዘብህ ገንብተህ ስትጨርስ ካርታው ላይ ያለው ስም የእሱ ነው፣ ዕዳ ካለበት አበዳሪው ቤቱን ያሳግዳል፣ ሚስት ካገባ ሚስቱ አለች።

በዚያ ላይ ዕዳው። ጨረታ ያሸነፈ ሰው ቢያንስ 10 በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀሪው በየዓመቱ ነው። በምሳሌ ላሳይህ። 200 ካሬ በካሬ 6,000 ብር ቢያሸንፍ 1,200,000 ብር ነው። 120,000 ከፈለ። 1,080,000 ቀረ። ይህ በ30 ዓመት ይከፈል ተብሎ ከተዋዋለ በዓመት 36,000 ብር ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በቀሪው ላይ በንግድ ባንክ የማበደሪያ ልክ ወለድ አለ። 12 በመቶ ነው ብለን ብንይዝ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 129,600 ብር ይሆናል። ከዋናው ይበልጣል። ልጁ «በዓመት 36,000 ብቻ ነው» ካለህ ውሉን አሳየኝ በለው። ውሉ ላይ የግንባታ መጀመሪያና መጨረሻ ቀንም አለ። ቀኑ ካለፈ ቦታው ይነጠቃል፣ አንተ ግን ውሉ ውስጥ ስለሌለህ ማስጠንቀቂያ እንኳ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

ጨረታውን ራስህ ተጫረት። አሸናፊው የሚለየው በካሬ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በቅድሚያ ክፍያም ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ካለህ እዚያ ላይ ትጠቀማለህ።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ልጆቼ ገንዘቡን መሬት ላይ አስቀምጠው ይላሉ። ኮምቦልቻ ዙሪያ ባዶ ቦታ ይዤ አስር ዓመት ባቆየው ያዋጣል? ደሴ ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ?

መልስ፦ ጋሼ፣ «ይዤ ባቆየው» የሚለው ላይ ነው ችግሩ። ቀደም ሲል እንዳልኩት የሊዝ ቦታ አጥሮ ማስቀመጥን ሕጉ አይፈቅድም፣ ሳይገነቡ ለትርፍ ደጋግሞ ያስተላለፈን ሰውም ከጨረታ ሊያግድ ይችላል። ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቅ ባዶ መሬት የሚባል ሀብት የለዎትም ብለው ያስቡ። ያለዎት የመገንቢያ መብት ነው፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት፣ ለንግድ ከአዲስ አበባ ውጪ እስከ 70።

ስለዚህ ጥያቄው ምን ልሥራበት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ሁለት ዓለም ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርድና ጉም፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ንግድ። ኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ወርዳ ሜዳው ላይ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎቹ። እዚያ የሚፈለገው ቪላ አይመስለኝም። የሚፈለገው ለሠራተኛና ለተማሪ የሚከራይ ንጹሕ ክፍል ነው፣ ውሃ ያለው፣ ሌሊት ከፈረቃ ለምትመለስ ልጅ መንገዱ መብራት ያለው። ይህን የሚያውቁት በጠዋት 1 ሰዓትና በማታ የፋብሪካ ሰርቪስ የሚቆምበት ቦታ ቆመው ሰዉ ወዴት እንደሚሄድ ሲያዩ ነው። አንድ ሳምንት ይበቃዎታል።

ደላላ «ባቡር ይመጣል» ብሎ ዋጋ ሲጨምር አይስሙት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመር ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ዛሬ ኪራይ የሚከፍልዎት ሰው እንጂ ሐዲድ አይደለም።

ሜዳው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቦርከና፣ ወርቃና ለዮሌ በበጋ ሲያዩዋቸው ምስኪን ይመስላሉ። በክረምት ከላይ ከተራራው የዘነበው ሁሉ እነሱ ጋ ይመጣል። ከወንዝ አጠገብ ያለ ቦታ ካዩ የግንቡን ወይም የዛፉን ግንድ ይመልከቱ፣ ጎርፍ የደረሰበት የጭቃ መስመር ይኖራል፣ ሌላው ቀርቶ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ቁመቱን ይነግርዎታል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይም ያስጠይቁ። የወንዝ ዳር፣ አረንጓዴ ቦታ ወይም ሊሰፋ የታሰበ መንገድ ላይ ከሆነ ለዚያ ነው ባዶ የቀረው።

እኔ ብሆን ለልጆቼ ኮምቦልቻን እመርጥ ነበር። ለራሴ መኖሪያ ግን ደሴን፣ ብርዱንም ቢሆን ለምጄዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደላላ ሳልይዝ ባዶ ቦታ ከየት አገኛለሁ?

መልስ፦ የሊዝ ጨረታ ማስታወቂያ ከከተማው አስተዳደር ሰሌዳ ላይ፣ ጋዜጣም ላይ ይወጣል። «በኩር»ን የሚገዛ ዘመድ ይኑርህ። ሁለተኛው መንገድ እግር ነው። እሑድ ከሰዓት አንድ ሰፈር መርጠህ ተራመድ፣ አጥሩ የወደቀ፣ በሩ በዛገ ሰንሰለት የታሰረ ግቢ ስታይ ፊት ለፊት ካለችው ሱቅ ለስላሳ ገዝተህ ጠይቅ። ባለሱቋ የማን እንደሆነ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ፣ ለምን እንዳልተሸጠ ትነግርሃለች። ደላላ መያዝ ግን ነውር የለውም፣ ጥሩዎች አሉ። ኮሚሽኑን ቀድመህ ተስማማ፣ ከሻጩም እየወሰደ እንደሆነ ጠይቀው፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲልህ «ይምጣ» በለው።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አሮጌ ቤት ያለበት ቦታ ልገዛ 100,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ ተፈራርመናል። አሁን ሻጩ የተሻለ ዋጋ ስላገኘ «ብርህን ውሰድ» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ገና አትውሰድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። 200,000 ማለት ነው። የሰጠኸው አንተ ብታፈርስ ኖሮ ደግሞ ቀብድህን ትተህ ትሄድ ነበር። ግን ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብዙ ሰው «ቀብድ» በአፉ ይላል፣ ወረቀቱ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ ይፈርማል፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሌላም አለ፤ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ሕጉ ይጠይቃል፣ እናንተ የተፈራረማችሁት ሻይ ቤት ከሆነ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው። ከጎኑ ሚስቱ ፈርማለች? ምስክሮቹስ እነማን ናቸው? ወረቀቱን አውጥተህ ከላይ እስከ ታች ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ፣ እስከዚያ ስልኩን ካነሳህ «እያሰብኩበት ነው» በለው።